ነፋስን የጠበቀ ብረት



ከዓመታት በፊት በርሊን ከተማ ውስጥ አንድ ትልቅ የጥበብ ሥራ አጠገብ ደርሼ፣ ዙሪያውን ዞሬ፣ ምንም ሳላይ ተመልሻለሁ። ዛሬ ማታ ፊታችሁ የቆምኩት ያን ቀን ያመለጠኝን ልነግራችሁ ነው።

ቦታው ኖየ ናሲዮናልጋለሪ የሚባለው ሙዚየም ነው። ሕንፃውን የነደፈው ሚስ ፋን ደር ሮኸ ነው፤ የተከፈተው በ1968 ነው። ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልናገር። ጣሪያው ጥቁር ብረት፣ ግድግዳው መስታወት፣ ዙሪያው ሰፊ የድንጋይ ንጣፍ ነው። በንጣፉ ላይ አራት የብረት ካሬዎች ተሰቅለው አየሁ። ጸጥ ያለ ጠዋት ነበር፤ ቅጠል አይወዛወዝም። ካሬዎቹ ላይ ምንም አልተጻፈም፣ ምንም አልተሣለም። ማስታወቂያ ገና ያልተለጠፈባቸው ሰሌዳዎች መሰሉኝ። ፎቶ እንኳ ሳላነሣ ገባሁ፣ ውስጥ ያሉትን ሥዕሎች አይቼ ወጣሁ።

በሦስተኛው ቀን በዚያው መንገድ ሳልፍ ነፋስ ተነሥቶ ነበር። ከመንገዱ ማዶ እንደቆምኩ አንደኛው ካሬ ቀስ ብሎ አጎነበሰ። እየወደቀ ነው ብዬ ደነገጥኩ። አልወደቀም። አጎንብሶ፣ ቆየት ብሎ፣ ያጎነበሰበትን ጊዜ ያህል ወስዶ ተመለሰ። እሱ ሳይጨርስ ጎረቤቱ ጀመረ፤ አራቱም ወደየራሳቸው አቅጣጫ፣ እየተቀባበሉ፣ አንዱ ሌላውን ሳይነካ። ያን ቀን የነበረኝን ቀጠሮ ሰረዝኩ፤ ብርሃን እስኪጠፋ ከዚያ አልተነሣሁም።

ሥራው «አራት ካሬዎች በካሬ አሰላለፍ» ይባላል፤ 1969። ሠሪው ጆርጅ ሪኪ ነው። ኋላ ሕይወቱን ሳጠና አንድ ነገር እየጎላ መጣልኝ፤ ዛሬ ይዤላችሁ የመጣሁትም እሱን ነው። ይህ ሰው በብረት የሚሠራ ይመስላል እንጂ የሥራው እውነተኛ ጥሬ ዕቃ ዝግታ ነው። ዝግታን እንደ ጭቃ አቡክቶ፣ እንደ እንጨት ጠርቦ፣ አደባባይ ላይ ያቆመ ሌላ ሰው እኔ አላውቅም።

በጠረጴዛው ላይ ያለችውን ቀጭን ዘንግ ያያችሁ ምን እንደሆነች ሳትጠይቁ አትቀሩም። ለጊዜው ተዉአት፤ እንመጣባታለን።

መጀመሪያ ስለ ቋንቋችን አንድ ነገር ልበል። «ሐውልት» ስንል በዓይናችን የሚመጣው የቆመ ድንጋይ ነው። ከሮም በ2005 ተመልሶ በ2008 አክሱም ላይ ዳግም የተተከለው ሐውልት 24 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ግርማው አለመነቃነቁ ነው። አጠገቡ ወድቆ የተሰበረው 33 ሜትር የሚሆነው ደግሞ ሐውልት ከተነቃነቀ ምን እንደሚሆን ሲያሳየን ኖሯል። «ቅርጻ ቅርጽ» የምንለው ቃልም ከመቅረጽ የመጣ ነው፤ ቀራፂ የማይፈለገውን ከድንጋዩ ወይም ከእንጨቱ የሚቀንስ ሰው ነው። ሪኪ ግን አልቀረጸም። ቆረጠ፣ በየደ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ መዘነ። ሥራውን በአማርኛ የሚጠራልን ቃል ገና የለንም። እኔ «ተንቀሳቃሽ ሐውልት» እላለሁ፤ ሁለቱ ቃላት አንድ ላይ ሲቀመጡ ጆሮን እንደሚቆረቁሩ አውቃለሁ፤ የሪኪን ሥራ መጀመሪያ ያየ ሰውም የሚሰማው እንዲህ ያለ መቆርቆር ነው።

የተወለደው በ1907 በአሜሪካ፣ ኢንዲያና ግዛት፣ ሳውዝ ቤንድ ከተማ ነው። አያቱ ሰዓት ሠሪ ነበሩ። አባቱ መሐንዲስ ሆነው የሚሠሩት ለሲንጀር ኩባንያ ነበር፤ አዎ፣ በየልብስ ሰፊው ደጃፍ፣ በብዙዎቻችንም እናቶች ቤት ሲንቀጨቀጭ ለኖረው ለዚያው ለሲንጀር የስፌት መኪና። በ1913 ኩባንያው አባትየውን ስኮትላንድ ውስጥ ክላይድባንክ ወደሚገኘው ፋብሪካው ላካቸው። ቤተሰቡ በክላይድ ወንዝ መውረጃ፣ ሔለንስበርግ በምትባል ከተማ ተቀመጠ። አንድ 9 ሜትር የሚያህል የሸራ ጀልባም ነበራቸው።

በዚህች ጀልባ ላይ ጥቂት ልቆይ። የስኮትላንድ ምዕራባዊ ባሕር ደሴት የበዛበት፣ ነፋሱ በየመታጠፊያው የሚለዋወጥ ነው። እዚያ ሸራ እየጎተተ ያደገ ልጅ ነፋስን እንደኛ በጆሮው ወይም በፊቱ አይደለም የሚያውቀው፤ በገመዱ በኩል በመዳፉ ነው። ነፋሱ ምን ያህል እንደሚመጣ ሳይሆን እንዴት እንደሚመጣ ያውቃል፤ ቀድሞ እንደሚያንገራግር፣ እንደሚገፋ፣ ድንገት እንደሚለቅ። ጀልባዋም የምትመልሰው አላት፤ አፍንጫዋን ታነሣለች፣ ትደፋለች፣ በጎኗ ትንከባለላለች፣ ከፍ ዝቅ ትላለች፣ መንገዷን ስታ ትዞራለች። ሪኪ አርጅቶም ስለ እንቅስቃሴ ሲጽፍ የእንቅስቃሴን ዓይነቶች የሚዘረዝረው በእነዚህ በመርከበኛ ቃላት ነበር። ሠዓሊ ቀለሞቹን፣ ዜመኛ ቅኝቶቹን እንደሚቆጥር እሱ የጀልባዋን ንቅናቄዎች ቆጠረ። እንግዲህ አንድ ቤት ውስጥ የአያት ሰዓት፣ የአባት የስፌት መኪናና የልጅ ሸራ ተገናኙ። ልጁ ይህን ሁሉ ይዞ ምን እንደሚያደርግ እስኪያውቅ ግን ሠላሳ ዓመት ሊፈጅበት ነው።

ምክንያቱም ከዚያ ያጠናው ታሪክ ነው። ኦክስፎርድ፣ ቤሊዮል ኮሌጅ ገብቶ የታሪክ ዲግሪ ያዘ፤ ጎን ለጎን በራስኪን የሥዕል ትምህርት ቤት ይሥል ነበር። ከዚያ ፓሪስ ሄደ፤ ከሠዓሊዎቹ ከአንድሬ ሎት፣ ከፈርናንድ ሌዤና ከኦዛንፋን ተማረ። በ1930 ወደ አሜሪካ ተመልሶ ግሮተን በተባለ ትምህርት ቤት ታሪክ ማስተማር ጀመረ። በኢኮኖሚ ድቀቱ ዓመታት ሣለ፣ አስተማረ፣ የግድግዳ ሥዕሎችም ሠራ። ጎበዝ ሠዓሊ ነበር፤ ነገር ግን ሥዕል ላይ ብቻ ቢቀር ኖሮ ዛሬ ስሙን እዚህ አዳራሽ ውስጥ አናነሣውም ነበር።

ጦርነት መጣ። በ1942 በአሜሪካ ጦር የአየር ኃይል ተመልምሎ የአውሮፕላን ተኳሾች መሣሪያ ላይ ተመደበ። የማሽን ወርክሾፕ ውስጥ፣ ከመሐንዲሶች መካከል፣ የሌዝ ማሽንና ኩሽኔታ አጠገብ ተገኘ። እጁ የአያቱን ሙያ ያስታወሰው ያኔ ነው። የመጀመሪያዋን ተንቀሳቃሽ ሥራ በ1945 ሲሠራ 37 ወይም 38 ዓመቱ ነበር። ልብ በሉልኝ፤ ዛሬ በዚህ አዳራሽ «ዕድሜዬ አለፈ» የሚል የሠላሳ ዓመት ሠዓሊ ካለ ለእሱ ብዬ ነው ቁጥሩን የጠራሁት።

እርግጥ ነው፣ ነፋስን ሥራው ያደረገ የመጀመሪያ ሰው ሪኪ አይደለም። አሌክሳንደር ካልደር ቀድሞታል። ፈረንሳዊው አርቲስት ማርሴል ዱሻም በ1931 የካልደርን ሥራዎች «ሞባይል» ብሎ ሰየማቸው፤ ቃሉ የስልክ ስም ከመሆኑ ብዙ ዓመት በፊት መሆኑ ነው። የካልደር ሞባይሎች ከጣሪያ ተንጠልጥለው እንደ ቅጠል ይዞራሉ፤ ቀይ፣ ጥቁር፣ ቢጫ ናቸው፤ ደስ ይላሉ። ሪኪ ከካልደር ተነሥቶ በተቃራኒው መንገድ ሄደ። ቀለሙን ተወ። ቅጠሉን፣ ዓሣውን፣ አበባውን ተወ። ከዓመታት በኋላ በእጁ የቀረው መስመር፣ ካሬ፣ ሦስት ማዕዘን፣ እንደ «ኤል» ፊደል የታጠፈ ብረት ብቻ ነበር። ለምን? ቅርጹ ራሱ አስገራሚ ከሆነ ዓይን ቅርጹ ላይ ይቀራል፤ እንቅስቃሴው ጌጥ ይሆናል። ቅርጹ ምንም የማይል ሲሆን ግን ዓይን የሚይዘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መሄዱንና መመለሱን። በርሊን ላይ ባዶ ሰሌዳ ብዬ ያለፍኩት ያ ባዶነት ታስቦ የተሠራ ነበር።

ይህን ሐሳብ ብቻውን አላመጣውም። ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1948 እና በ1949፣ ሞሆሊ ናዥ ባቋቋመው የቺካጎ የዲዛይን ተቋም ተማረ። ቀራፂው ናውም ጋቦ ከወንድሙ ከፔቭስነር ጋር ሆኖ በ1920 ሞስኮ ላይ ያወጣውን መግለጫ፣ ጊዜና እንቅስቃሴ የቅርጻ ቅርጽ አካል ይሁኑ የሚለውን፣ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ስለዚሁ የጥበብ ጎራ፣ ስለ ኮንስትራክቲቪዝም፣ አመጣጥ በ1967 ያሳተመው መጽሐፍ ዛሬም ይነበባል። የታሪክ ተማሪነቱ ባክኖ አልቀረም፤ ከእሱ በፊት ማን ምን እንደሞከረና የት እንደቆመ አውቆ ነው የጀመረው። ለእንጀራው ግን ያስተምር ነበር፤ ኢንዲያና፣ ኒው ኦርሊንስ፣ ከዚያ ኒውዮርክ ግዛት ትሮይ ላይ። ማስተማሩን ያቆመው በ1960ዎቹ አጋማሽ፣ ወደ 60 ዓመት ሲጠጋ ነው።

አሁን ወደ ዘንጓ እንምጣ።

ይህችን የሠራልኝ በሰፈሬ ያለ በያጅ ነው። ርዝመቷ አንድ ክንድ ከስንዝር። ከታች ወደ ሲሶዋ ላይ ስለት ያላት አግዳሚ ብረት ተበይዳባታለች፤ ስለቱ በሁለቱ ጎን ባሉት ቋሚዎች ቦይ ላይ ተቀምጧል። የእህል ወይም የወርቅ ሚዛን ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ የሚዛን ክንድ የሚቀመጠው በስለት ላይ ነው፤ ስለት የሚነካው ቦታ ትንሽ ነው፣ ሰበቃውም ትንሽ ነው። ሪኪ ለሥራዎቹ ይህንኑ የሚዛን ስለት ተጠቅሟል፤ ለግዙፎቹ ደግሞ ኩሽኔታ። ከስለቱ በታች ባለው አጭር ክፍል ላይ የእርሳስ ቁራጭ አለ፤ እርሳሱ ወደ ላይና ወደ ታች ይንሸራተታል።

መጀመሪያ እርሳሱን እታች፣ ጫፉ ላይ ላድርገው። ገፋ አደርጋታለሁ። አያችሁ? ቶሎ ሄደች፣ ቶሎ መጣች። ሌላ ምሥጢር የለውም፤ ፔንዱለም ነው። አንድ ሜትር ክር ላይ የተንጠለጠለ ድንጋይ ሄዶ ለመመለስ 2 ሰከንድ ያህል ይወስዳል። 4 ሰከንድ እንዲወስድ ከፈለጋችሁ ክሩን 4 ሜትር ማድረግ አለባችሁ። 8 ሰከንድ ከፈለጋችሁ 16 ሜትር፤ አምስት ፎቅ ያህል ሕንፃ። ዝግታ በዚህ መንገድ እጅግ ውድ ነው።

አሁን እርሳሱን ወደ ስለቱ ላስጠጋው። ትንሽ ጨምሬ። እዚች ነጭ ምልክት ላይ። ገፋ አደርጋታለሁ፤ አብረን እንቁጠር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት… ገና ነች። አምስት፣ ስድስት… አሁን ተመለሰች። ዘንጓ አላደገችም፣ ክብደቷ አልተለወጠም። የተለወጠው የላይኛውና የታችኛው ክፍል መመጣጠኑ ነው። የታችኛው በጥቂቱ ብቻ ስለሚበልጥ ወደ ቦታዋ የሚመልሳት ኃይል በጣም ትንሽ ነው፤ ስለዚህ ስትመለስ አትቸኩልም። ለዚያው ነው እፍ ያልኳት እንደሆነ የምትሰማኝ። እርሳሱ ከምልክቱ አልፎ ጥቂት ወደ ላይ ቢወጣ ደግሞ የላይኛው ይበልጣል፤ ዘንጓ ተገልብጣ ትወድቃለች።

የሪኪ የዕድሜ ልክ ሥራ ያለው በዚህች ምልክት አካባቢ ነው። ከምልክቱ በታች በጣም ከወረደ ብረቱ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ይራወጣል፤ ካለፈ ይወድቃል። በመካከል ያለችው ጠባብ ቦታ ናት ብረትን እንደ ሣር የምታደርገው። ሪኪ የላይኛውን ረጅም ክፍል ወደ ላይ እያቀጠነ እንደ መርፌ ያሾለዋል፤ አጭሩንና ወፍራሙን ታች እግር በእርሳስ ይሞላዋል። ከውጭ የምታዩት ያለ ምክንያት ወደ ሰማይ የቆመ መስመር ነው። ምክንያቱ ከውስጥ ተደብቋል።

በ1964 ጀርመን ውስጥ ካሰል ከተማ፣ ዶኩሜንታ የተባለው ታላቅ ዓውደ ርእይ ለሦስተኛ ጊዜ ሲዘጋጅ «ሁለት የጊዜ መስመሮች» የተባለውን ሥራ አቆመ። ከ10 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸው ሁለት የማይዝግ ብረት ሹል ዘንጎች ናቸው፤ ሌላ ምንም የለም። ነፋስ ሲመጣ ይለያያሉ፣ ይጠላለፋሉ፣ ሰማዩን ይሰነጥቁታል፣ ተመልሰው ጎን ለጎን ይቆማሉ። ያኔ 57 ዓመቱ ነበር። ሥራው ዛሬ የኒውዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ንብረት ነው። አውሮፓ ስሙን ያወቀው ከዚያ ወዲህ ነው። በ1968 በጀርመን የአካዳሚክ ልውውጥ ተቋም ድጋፍ ወደ በርሊን ሄዶ ለብዙ ዓመታት እዚያም ወርክሾፕ ኖረው።

ስለ ብረቱ ቆዳም አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙዎች ሳያስተውሉት ያልፋሉና። ሪኪ የማይዝገውን ብረት እንደ መስታወት አላብለጨለጨውም። በግራይንደር ወዲያና ወዲህ፣ ሥርዓት በሌለው መንገድ ጫረው። እንደ መስታወት ቢሆን ኖሮ ፀሐይን በአንድ አቅጣጫ ወርውሮ ዓይን ይወጋ ነበር። የተጫረው ግን ብርሃኑን ይበትነዋል፤ ካሬው ሲያጎነብስ ብርሃኑ በላዩ ላይ ይፈስሳል፤ ደመና ሲመጣ አመድ ይመስላል፤ ሲመሽ ሰማዩን ይመስልና ይጠፋል። በርሊን ላይ እስከ ማታ ያስቆየኝ ግማሹ ምክንያት ይህ ነበር።

የማደንቀውን ከተናገርኩ የማላደንቀውንም ልናገር። ዛሬ በየአገሩ አደባባይ በነፋስ የሚሽከረከሩ ብዙ ሥራዎች አሉ። በሪዮ ኦሎምፒክ በ2016 ከችቦው ጀርባ እንደ ፀሐይ የተፈነጠቀውን 12 ሜትር ስፋት ያለው ሥራ ታስታውሱ ይሆናል፤ የሠራው አንቶኒ ሃው ነው፤ በነፋስ በሚዞሩ ሥራዎቹ የታወቀ ሰው። ሲያዩት ይማርካል። የእኔ ዓይን ግን መሽከርከርን ቶሎ ይጠግባል፤ ዙሩን አንድ ጊዜ ካወቅሁት ቀጥሎ የሚመጣውን አውቀዋለሁ። የነፋስ ተርባይንም እንዲሁ ነው። ከመቀሌ ወጣ ብሎ አሸጎዳ ላይ በ2013 የተመረቁት 84 ተርባይኖች 120 ሜጋ ዋት እንዲያመነጩ የተተከሉ ናቸው፤ ጥቅማቸውም ውበታቸውም ያው መሽከርከራቸው ነው፤ ነፋሱ ምንም ቢሆን አዟዟራቸው አንድ ዓይነት ነው። ሪኪ መሽከርከርን አይወድም ማለት አይደለም፤ አንዳንድ ሥራዎቹ ይዞራሉ። ሲዞሩ ግን ያመነታሉ፤ ግማሽ ሄደው ይመለሳሉ። በርሊን ላይ ባሳለፍኩት ከሰዓት በኋላ አራቱ ካሬዎች አንድን አቀማመጥ ሁለት ጊዜ ሲይዙ አላየሁም።

አውድማ ላይ እህል ሲዘራ ያያችሁ ታውቃላችሁ፤ መንሹን ይዞ የቆመ ገበሬ ነፋስ ይጠብቃል። ነፋሱ ከደከመ ገለባው ከፍሬው አይለይም፤ ከበረታ ፍሬውንም ይዞ ይሄዳል። የሚፈልገው ነፋስ በሁለቱ መካከል ነው፤ ካልመጣ መንሹን ተክሎ ይቀመጣል። የአደባባይ ሐውልት ግን መቀመጥ አይችልም። ሌሊትም፣ በረዶም፣ ማዕበልም ሲመጣ እዚያው ነው። እዚህ ላይ ነው የሪኪ መሐንዲስነት የሚታየው፤ ምክንያቱም የነፋስ ግፊት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አይጨምርም። ፍጥነቱ ዐሥር እጥፍ ቢሆን ግፊቱ መቶ እጥፍ ይሆናል። በሰከንድ 3 ሜትር የሚሄድ ነፋስ ፊታችንን ዳሰስ የሚያደርግ ነው፤ በሰከንድ 30 ሜትር የሚሄደው ዛፍ ይነቅላል። እንግዲህ አንዱ ሥራ ለመጀመሪያው መልስ መስጠት፣ ከሁለተኛው ደግሞ መትረፍ አለበት። ለትንፋሽ የሚታዘዝ ነገር መቶ እጥፍ ሲገፋ ምን ይሆናል?

ሪኪ ዘንጎቹን ቀጭን በማድረግ ነፋሱ የሚይዘውን ስፋት ይቀንሳል። የመወዛወዣ መንገዳቸውን ለየብቻ አድርጎ ይነድፋል፤ በማዕበል ውስጥም ቢራወጡ አንዱ ሌላውን አይመታም። መኪና ላይ ንዝረትን የሚያበርደውን ሾክ አብዞርበር የመሰለ ማብረጃም ይጨምርባቸዋል፤ ዝግ ያለውን እንቅስቃሴ ሳይነካ ኃይለኛውን ብቻ ያረግበዋል። ኒውዮርክ ግዛት ኢስት ቻተም በሚባለው ገጠር ባለው እርሻው ላይ ሥራዎቹን ሜዳ ላይ ያቆማቸው ነበር፤ ክረምትና በጋ እዚያው አሳልፈው ሲወዛወዙ ያያቸዋል። ሥራው በሚቆምበት አደባባይ ልጆች ይሮጣሉ፣ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ። በጭንቅላታቸው ላይ የሚንቀሳቀስ ብረት ሲሰቀል፣ መዛኙ ስሕተት አይፈቀድለትም።

የቀረውን በአጭሩ ላሳልፈው። ሮተርዳም መሐል ከተማ ላይ ሁለት ቋሚ አራት ማዕዘኖቹ ይዞራሉ። በ1972 የተሠራው «ሦስት ካሬዎች» ግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ቆሟል፤ ሸራ ይጎትትበት ከነበረው ከክላይድ ብዙም ሳይርቅ፣ ልጅ ሳለ ባወቀው ነፋስ ውስጥ። በ1979 ጉገንሃይም ሙዚየም የሥራውን ታላቅ ዓውደ ርእይ አዘጋጀለት። በ80ዎቹና በ90ዎቹ ዕድሜውም ሲሠራ ነበር። ከሥራዎቹ ሁሉ ረጅሙ፣ 17 ሜትር ገደማ የሆነው፣ በ2002 ጃፓን ውስጥ ሂዮጎ ሙዚየም ላይ ተተከለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ውስጥ በ95 ዓመቱ ሚኔሶታ ላይ አረፈ።

እዚህ ያላችሁ ወጣት የጥበብና የምህንድስና ተማሪዎች አንዳንዶቻችሁ እንዲህ ያለ ነገር ለከተማችን ልታስቡ እንደምትችሉ አውቃለሁ፤ ይህን ንግግር ስቀበልም እናንተን እያሰብኩ ነው። ስለዚህ መዝኜ ያገኘሁትን ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ጠለል አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ በአንድ ዓይነት ፍጥነት የሚነፍስ ነፋስ በርሊን ላይ ከሚገፋው አዲስ አበባ ላይ ያነሰ ይገፋል። የበርሊኑን ሥራ እንዳለ አምጥተን ብናቆመው ከእኛ ነፋስ ጋር አይግባባም፤ እርሳሱ እንደገና መመዘን አለበት። የመጋቢት አቧራ ኩሽኔታ ውስጥ ይገባል። የነሐሴ ዝናብ ቀጥ ብሎ ሲወርድ ነፋስ የለውም፤ ሥራው ቀኑን ሙሉ ዝም ብሎ ይቆማል፤ ያን ዝምታ የሚችል ቅርጽ መሥራት አለባችሁ። በዓመት ጥቂት ጊዜ መሰላል ይዞ ወጥቶ ኩሽኔታውን የሚፈትሽ፣ ቅባት የሚያደርግ፣ ስሙ የታወቀ አንድ ሰው ያስፈልጋል። የድንጋይ ሐውልት ተመርቆ ሊረሳ ይችላል። ይህ ግን እንደ ከብት ነው፤ ጠባቂ ይፈልጋል። ውሉ ሲፈረም ይህ ሰውና ደመወዙ በጽሑፍ ካልገቡ ሥራውን ባትጀምሩት ይሻላል፤ ብረቱ ከተበየደ በኋላ የሚሰማችሁ አታገኙም።

ቁሳቁሱስ? የማይዝግ ብረት እዚህ አለ፤ በርና መስኮት፣ የደረጃ መደገፊያ ይሠሩበታል። በያጅ አለ። ኩሽኔታ በየመለዋወጫ ሱቁ አለ። እርሳስ አለ። ዘንጓን የሠራልኝ ሰው ምልክቱን ለማግኘት ሦስት ቀን ፈጀበት፤ በመጀመሪያው ቀን ሁለት ጊዜ ገልብጧታል። በሦስተኛው ቀን ማምሻውን ደውሎ «መጥተህ እያት፤ በሩን ስከፍት ትሰማለች» አለኝ።

ንግግሬን ጨርሻለሁ። ለጥያቄ ጊዜ አለን፤ ዘንጓም እስክንወጣ እዚሁ ናት፤ በግራ በኩል ያለው መስኮት ይከፈታል። ቀርባችሁ ግፏት፣ እፍ በሉባት፣ እርሳሱን አንሸራትታችሁ ቁጠሩ። ስትጨርሱ ግን ለቀጣዩ ሰው እርሳሱን ወደ ነጩ ምልክት መልሱለት፤ ከምልክቱ ከፍ እንዳይል ብቻ።